ብረትም ይመሰክራል
ስለ ጥንታዊ የኢጣሊያ የውድድር ብስክሌቶች ማንነትና ዘመን

ስለ ያለፈው ዘመን የሚመረምር ሰው ማስረጃ ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚያስበው የብራና መጽሐፍን፣ የድንጋይ ሐውልትን ወይም ከመሬት የተቆፈረ ገንዘብን ነው። ይህ አስተሳሰብ የተገባ ነው። ነገር ግን መኪናና ፋብሪካ ወደ ሀገራችን ከገቡ ወዲህ ያለውን የቅርብ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከብራናው በተጨማሪ ብረቱንም ማንበብ ሊማር ይገባዋል። የሠራው እጅ፣ የተሠራበት አገርና የተሠራበት ዘመን በብረቱ ላይ ታትሞ ይኖራልና።

ከእነዚህ የብረት ምስክሮች አንዱ ብስክሌት ነው። በተለይም በኢጣሊያ አገር ለውድድር የተሠሩት አሮጌ ብስክሌቶች አጽማቸው፣ ማለት ባለ ጋራዦች ቴላዮ የሚሉት ክፍል፣ የራሱ ቋንቋ አለው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አንዱን ቴላዮ አገላብጦ አይቶ ከጦርነቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ከታላቅ ፋብሪካ የወጣ ነው ወይስ ከአንድ ባለሙያ እጅ፣ ብሎ ሊፈርድ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ይህን ፍርድ ስለ መስጠት ነው። የፋብሪካዎቹን ዘመን ስንጠቅስ ሁሉንም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እናደርገዋለን፤ የሀገራችን ታሪክ በሚነሣበት ስፍራ ግን ዓመተ ምሕረቱን እንጨምራለን።

ጉዳዩን ከከፋ ምድርና ከቦንጋ ከተማ አንጻር የምንመለከተው ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛ፣ ጠላት በ1928 ዓ.ም. (1936) ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ደቡብ ምዕራቡን አንድ ክፍለ ግዛት አድርጎ ማዕከሉን በጅማ ተክሎ ነበር። ከጅማ ተነሥቶ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ቦንጋ የሚደርሰው መንገድ ከዚያ ማዕከል ጋር የተያያዘ ነውና፣ በአካባቢው ያሉ አሮጌ የኢጣሊያ ዕቃዎች ሁሉ «የወረራ ዘመን ናቸው» መባላቸው የተለመደ ነው። ይህ አባባል አንዳንድ ጊዜ እውነት፣ አንዳንድ ጊዜም ሐሰት ነው። ሁለተኛ፣ ከፋ ዝናም የበዛበት የደን አገር ስለ ሆነ ብረት በዚያ ፈጥኖ ይዝጋል፤ ምስክሩም ሳይጠየቅ ይሞታል። ሦስተኛው ምክንያት ቡና ነው፤ እርሱንም በቦታው እንመለስበታለን።

የኢጣሊያ ብስክሌት ወደ ሀገራችን እንዴት እንደ መጣ የሚያሳየን አንዱ ማስረጃ የገዛ ቋንቋችን ነው። ጎማ፣ ካለማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ቴላዮ የሚሉት ቃላት ከኢጣልኛ የመጡ ናቸው። መካኒኩ ከዕቃው ጋር ስሙንም ተቀብሎ አማርኛ አደረገው። የቃሉ መኖር ግን የዕቃውን ዓመት አይነግረንም። በ1933 ዓ.ም. (1941) ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በሀገራችን ቀርተው ጋራዥ የከፈቱ ኢጣሊያውያን ብዙ ነበሩ፤ ከኢጣሊያ አገር ጋር የነበረው ንግድም እንደገና ተከፈተ። ስለዚህ አንድ ብስክሌት የኢጣሊያ ስለ ሆነ ብቻ ከወራሪው ጋር መጣ ማለት አይቻልም።

የውድድሩ ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። በጊዜው የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት በነበረችው በአሥመራ የመጀመሪያው የብስክሌት ውድድር የተደረገው በ1937 ነው። ውድድሩ የቅኝ ገዢዎች ነበር፤ የአገሩ ተወላጅ ከእነርሱ ጋር እንዲሰለፍ አይፈቀድለትም ነበር። በ1939 ሁለቱ ወገኖች አብረው እንዲወዳደሩ በተደረገ ጊዜ ግን ያሸነፈው ኤርትራዊው ገብረማርያም ገብሩ ሆነ። በዘር የሚበልጥ ነኝ ያለው ወገን በራሱ መሣሪያና በራሱ ጨዋታ ተበለጠ። በ1946 ደግሞ የኢጣሊያን ታላቅ ውድድር ምሳሌ በማድረግ የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ።

ከዚህ በኋላ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ጊዜ፣ በ1949 ዓ.ም. (1956) ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በሜልቦርን፣ ከሯጮቻችን ጋር የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ተሰልፈው ነበር። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ጸሐየ ባሕታና ኃይሉ ፋና የሀገራችንን ስም ይዘው በመንገድ ውድድር ገቡ፤ በቡድንም ውጤት ኢትዮጵያ 9ኛ ሆነች። በዚያ ቀን የግሉን ወርቅ ያገኘው ኢጣሊያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነበር። ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈበት በ1952 ዓ.ም. (1960) በሮማም የብስክሌት ቡድናችን እንደገና ተወዳድሯል። ስለዚህ በሀገራችን የሚገኝ አሮጌ የውድድር ቴላዮ የወራሪው ቅርስ ሊሆን ይችላል፤ ወራሪው ከሄደ በኋላ ፈረሰኛው የራሳችን ሰው የሆነበት ዘመን ቅርስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት ቀላል ነገር አይደለም፤ የማን ታሪክ እንደ ሆነ መለየት ነውና።

እንግዲህ ወደ መለያው ሥራ እንግባ። የመጀመሪያው ደንብ፣ ቀለምና ጽሕፈት ከሁሉ ደካማ ምስክሮች መሆናቸውን ማወቅ ነው። ቀለም ይፋቃል፣ ይቀባል፤ የፋብሪካው ስም በወረቀት ታትሞ የሚለጠፍ ስለ ሆነ ማንም ሊለጥፈው ይችላል። ይሁን እንጂ ፈጽሞ አይናቅም። በ1885 በሚላኖ ኤድዋርዶ ቢያንኪ የመሠረተው ፋብሪካ ውኃ ሰማያዊ በሚመስል አረንጓዴ ቀለሙ ይታወቃል፤ ጂኖ ባርታሊ የተወዳደረበት ሌኛኖ ደግሞ እንደ እንሽላሊት ቆዳ ባለ ወርቃማ አረንጓዴ ይታወቃል። ዊሊየር የተባለው ፋብሪካ በ1906 ቢመሠረትም «ትሪየስቲና» የሚለውን ቅጽል የጨመረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ የትሪየስቴ ከተማ ዕጣ ኢጣሊያውያንን ባስጨነቀበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ስም ከፋብሪካው ጀምሮ የያዘ ቴላዮ ከወረራው ዘመን ሊሆን አይችልም። እንዲሁም የኤርኔስቶ ኮልናጎ ምልክት የሆነው የካርታ አበባ የተወሰደው ሚኬሌ ዳንቼሊ በ1970 የሚላኖ–ሳን ሬሞን ውድድር ካሸነፈ በኋላ ነው።

ስም ሠሪውን ላይገልጥ እንደሚችል የሚያሳየው ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ፋኤማ ነው። ቡናውን ያነሣነው ስለዚህ ነው። ፋኤማ በ1945 በሚላኖ የተቋቋመ የቡና ማፍያ መኪና ፋብሪካ እንጂ የብስክሌት ፋብሪካ አልነበረም። ነገር ግን ስሙን ለማስታወቅ የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን ቡድን ያስተዳድር ነበር፤ ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ በ1968 የኢጣሊያን ዙር፣ በ1969 የፈረንሳይን ዙር ያሸነፈው የዚህን ፋብሪካ ስም በደረቱ ተሸክሞ ነው። በዚያ ዘመን የታላላቆቹን ተወዳዳሪዎች ቴላዮ እንደ ፋሊዬሮ ማሲ ያሉ ባለሙያዎች በእጃቸው ይሠሩ ነበር፤ የሚቀባውና የሚጻፍበት ግን የቡድኑ ስም ነበር። የቡና ፍሬ ከከፋና ከአካባቢው ደን ወጥቶ በዓለም ተዳረሰ፤ ከእርሱም በተገኘው ንግድ የኢጣሊያ ብስክሌት በአውሮጳ መንገድ ላይ ሮጠ። በቴላዮ ላይ የቡና መኪና ስም ያነበበ ሰው የቡድኑን ስም አወቀ እንጂ የሠሪውን እጅ ገና አላወቀም።

ሁለተኛው ደንብ፣ ከቀለሙ በታች ያለውን ብረት መለካት ነው። ከመለኪያዎቹ ሁሉ የሚቀድመው የፔዳሉ ዘንግ የሚዞርበት ክብ ቤት ነው። የኢጣሊያ ልማድ የዚህ ቤት ወርድ 70 ሚሊ ሜትር፣ የቦሎን ጥምዙ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንችም 24 ጥርስ እንዲሆን ነው፤ ቀኝና ግራውም ሁለቱም ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይጠብቃሉ። የእንግሊዝ ቤት ግን ወርዱ 68 ሚሊ ሜትር ሲሆን በሰንሰለቱ በኩል ያለው ጥምዝ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ነው። በሀገራችን የእንግሊዝ ብስክሌትም ብዙ ስለ ገባ ይህ መለያ እጅግ ይጠቅማል። ብቻውን ፍርድ ባይሰጥም፣ «ይህ ኢጣሊያዊ ነው» ለሚል ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

የውድድር ብስክሌትን ከተራው መለየትም ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የኢጣሊያ ብስክሌቶች ፍሬናቸው በብረት ዘንግ የሚሠራ፣ ከባድና ለዕለት ጉዞ የተሠሩ ናቸው። ቢያንኪ በ1912 ለቤርሳሊዬሪ ወታደሮች የሚታጠፍ ብስክሌት ሠርቶ ነበር፤ ወታደራዊ ብስክሌትም ከፋብሪካው ስም የተነሣ ብቻ የውድድር አይሆንም። የውድድር ቴላዮ ቱቦው ስስ ነው። በ1919 አንጄሎ ሉዊጂ ኮሎምቦ በሚላኖ ያቋቋመው ኮሉምቡስ የተባለው የቱቦ ፋብሪካ ኤስ ኤል ብሎ በሰየመው ዓይነት፣ የቱቦው ግድግዳ በጫፎቹ 0.9፣ በመካከሉ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ቱቦ በተሠራ ቴላዮ ኮርቻውን የሚሸከመው ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ 27.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዘንጉ ከዚህ በጣም የቀጠነ ከሆነ ቱቦው ወፍራም ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ደንብ ከሁሉ የበለጠውን ዕውቀት ይሰጣል፤ እርሱም የኋላውን ጎማ ዘንግ የሚይዘውን ጠፍጣፋ ብረት መመርመር ነው። ይህን ለመረዳት የካምቢዮን ታሪክ በአጭሩ ማወቅ ያሻል። በጥንት ጊዜ ተወዳዳሪው ዳገት ሲደርስ ወርዶ የኋላውን ጎማ አውጥቶ ያገላብጠው ነበር፤ በአንዱ ወገን ትልቅ፣ በሌላው ወገን ትንሽ ጥርስ ነበረበትና። የቪቼንሳው ተወላጅ ቱሊዮ ካምፓኞሎ ጎማውን ያለ መፍቻ በአንድ መዘውር የሚፈታ ዘንግ ፈልስፎ በ1930 የባለቤትነት መብት አገኘበት። በ1937 ደግሞ የፈረንሳይ ዙር ተወዳዳሪዎች ሁሉ ካምቢዮ እንዲጠቀሙ ተፈቀደላቸው። በ1930ዎቹ የነበሩት ካምቢዮዎች ሰንሰለቱን ከፔዳሉ ቤት በስተኋላ ባለ ክንድ የሚወጥሩ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ቴላዮ ላይ የሚፈለገው የዚህ ክንድ ማሰሪያ ምልክት ነው። የኋላው ዘንግ መያዣ ብረት ግን ካምቢዮ የሚንጠለጠልበት ጆሮ የለውም።

ከጦርነቱ በኋላ የታወቀው የካምፓኞሎ ካምቢዮ ኮርሳ ነው። ባርታሊ የ1948ን የፈረንሳይ ዙር ያሸነፈው በዚህ ነው። በቀኝ በኩል ከኮርቻው ሥር ወደ ኋላ በሚወርደው ቱቦ ላይ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች አሉት፤ ተወዳዳሪው እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ በአንዱ ጎማውን ይፈታል፣ በሌላው ሰንሰለቱን ያሸጋግራል። ጎማው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንሸራተት ቀጥ ብሎ እንዲቆም የዘንግ መያዣው ብረት እንደ መጋዝ ጥርስ ተደርጎ ተጠርቧል። ዘንጎቹ ተነቅለው ቢጠፉም እነዚህ ጥርሶች አይጠፉም። እነርሱን ያየ ሰው ያለ ብዙ ጥርጥር የ1940ዎቹን መጨረሻ ወይም የ1950ዎቹን መጀመሪያ ያስባል። ከዚያ ወዲህ ግራን ስፖርት የተባለው፣ በሽቦ እየተሳበ ሰንሰለቱን ወደ ጎን የሚገፋው ካምቢዮ በ1949 ታየ፤ በ1951 ለገበያ ወጣ። ይህ ካምቢዮ ከዘንግ መያዣው በታች በተሠራ ጆሮ ላይ በቦሎን ይታሰራል። ስለዚህ ጥርስ የሌለው፣ ነገር ግን ከመያዣው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ጆሮና የካምፓኞሎ ማኅተም ያለበት ብረት ከ1950ዎቹ ወዲህ ያመለክታል።

አራተኛው ደንብ የኋላውን የሁለቱን መያዣዎች መራራቅ መለካት ነው። አምስት ጥርስ የነበራቸው የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ብስክሌቶች 120 ሚሊ ሜትር ነበሩ፤ ስድስት ጥርስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲለመድ 126 ሆነ፤ ወደ 1990 ገደማ 130 ደረሰ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ መካኒክ አዲስ ጎማ ለማስገባት ብረቱን በጉልበት ሊከፍተው ይችላልና።

አምስተኛው ደንብ በቱቦዎቹ ላይ የተበየዱትን ትናንሽ ነገሮች መቁጠር ነው። እስከ 1970ዎቹ መካከል ድረስ የፍሬኑን ሽቦና የውኃውን ጠርሙስ የሚይዙት በቱቦው ዙሪያ የሚታሰሩ ቀለበቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሽቦው መምሪያና የጠርሙሱ ቦሎን ቀዳዳ በቱቦው ላይ እየተበየዱ ይወጡ ጀመር። ቱቦዎቹ የሚገናኙባቸው እጅጌዎችም እንዲሁ ይናገራሉ። የጥንቶቹ ከተቀጠቀጠ ብረት ተሠርተው በሞረድ የተሳሉ ስለ ሆኑ የሠራተኛው እጅ ይታይባቸዋል፤ በ1980ዎቹ የተለመዱት ግን በቅርጽ ውስጥ የፈሰሱ ስለ ሆኑ ጠርዛቸው እኩልና ልሙጥ ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ በዚህ ረገድ የራሱ ፊርማ አለው። ሌኛኖ ኮርቻውን የሚያጠብቀውን ቦሎን ሌሎች እንደሚያደርጉት በስተኋላ ሳይሆን በስተፊት፣ የላይኛው አግዳሚ ቱቦ በሚገናኝበት በኩል ያደርገው ነበር። ቢያንኪም ለብዙ ዘመን የመሪውን ኩሽኔታ በራሱ ቱቦ ውስጥ ይሸሽገው ነበር። የቀድሞ ተወዳዳሪው ቺኖ ቺኔሊ ከጦርነቱ በኋላ ያሠራቸው ደግሞ የፊቱ ሹካ ትከሻቸው ቁልቁል በማዘንበሉ ይለያሉ። እንዲህ ያለውን ምልክት ቀለም ቀቢ ሊሰርዘው አይችልም።

በመጨረሻም ቁጥሮች አሉ። በኮርቻው ሥር ወይም በፔዳሉ ቤት ታች የተመታው ተራ ቁጥር መመዝገብ አለበት፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ አቆጣጠር ስላለው ቁጥሩን ብቻ ይዞ ዓመት መናገር አያስተማምንም። በዕቃዎቹ ላይ ያለው ግን ይበልጥ ግልጽ ነው። ከ1970ዎቹ የካምፓኞሎ ኑዎቮ ሬኮርድ ካምቢዮዎች በብዙዎቹ ላይ የዓመቱ ሁለት መጨረሻ አኃዞች ተጽፈው ይገኛሉ። ሆኖም ዕቃ ይለወጣል። የካምቢዮው ዓመት የካምቢዮው እንጂ የቴላዮው ልደት አይደለም።

እነዚህን ደንቦች በአንድነት እንዴት እንደምንሠራባቸው ለማየት አንድ ምሳሌ እናስብ። በቦንጋ ከተማ በአንድ ቤት ጓዳ አሮጌ ቴላዮ ተገኘ፤ ባለቤቶቹም ኢጣሊያዊ መኰንን ሲሸሽ ጥሎት የሄደ ነው ይላሉ እንበል። የፔዳሉ ቤት ሲለካ 70 ሚሊ ሜትር፣ ጥምዙም 36 ሆነ፤ ኢጣሊያዊነቱ ተደገፈ። የዘንግ መያዣው ግን የካምፓኞሎ ማኅተምና የካምቢዮ ጆሮ አለበት፤ መራራቁ 120 ነው፤ በቱቦዎቹም ላይ አንድም የተበየደ የሽቦ መምሪያ የለም። ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ይህ ቴላዮ ከ1951 በኋላ፣ ከ1970ዎቹ መካከል በፊት የተሠራ ነው። የሸሸው መኰንን ሊጥለው አይችልም፤ ጠላት ከተባረረ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ የተወለደ ነውና። ቤተ ሰቡ በዚህ ሊያዝን አይገባውም። ታሪኩ ከሸሸ ወታደር ተወስዶ በነፃነት ዘመን ገዝቶ ለነዳው ሰው ተመለሰለት። በአንጻሩ ጆሮም ጥርስም የሌለው፣ የሰንሰለት መወጠሪያ ክንድ ምልክት ያለበት ቴላዮ ቢገኝ፣ የአባቶች ቃል በብረት ተደገፈ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ምስክርነት ግን ሊጠፋ የተዘጋጀ ነው። በዝናማማ አገር ውኃው በኮርቻው ቱቦ ገብቶ በፔዳሉ ቤት ይጠራቀማል፤ ብረቱም ከውስጥ ይበላል። ከዝገት የሚብሰው ግን የሰው እጅ ነው። አሮጌውን ቴላዮ ለማሳመር ፍቆ አዲስ ቀለም የሚቀባው፣ ጆሮውን በመጋዝ የሚቆርጠው፣ ወይም ለበር መቀርቀሪያ ቱቦውን የሚቆራርጠው ሰው ክፋት አስቦ አያደርገውም፤ የሚነበብ ነገር መሆኑን የነገረው የለምና ነው።

ስለዚህ በከፋም ሆነ በሌላው ክፍል ያሉ መምህራንና የባህል መሥሪያ ቤት ሠራተኞች እንዲህ ያለ ቴላዮ ሲያጋጥማቸው ጥቂት ነገር ቢያደርጉ ታላቅ ጥቅም ይገኛል። ሳይፋቅና ሳይቀባ በፊት ፎቶግራፍ ያንሡት፤ የፔዳሉን ቤት፣ የኮርቻውን ዘንግና የኋላውን መራራቅ በሚሊ ሜትር ይለኩት፤ የዘንግ መያዣውን ቅርጽ በወረቀት ይሳሉት፤ ቁጥሩን ይቅዱት፤ የባለቤቱንም ቃል ከብረቱ ቃል ለይተው ይጻፉት። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ከማናቸውም የሙያ ትምህርት ቤት የማይጠፋ መለኪያና አንድ ደብተር ብቻ ነው። ተማሪዎችም ሒሳብን፣ የብረት ሥራንና ታሪክን በአንድ ጊዜ ይማሩበታል።

በቦንጋ የተሠራው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፤ በየቀኑ በእጃችን የምንይዘው ነገር፣ ብዙ ስለ ለመድነው ብቻ የማንጠይቀው፣ የዓለምን ታሪክ ተሸክሞ ሊገኝ እንደሚችል። ብስክሌቱም እንዲሁ ነው። ጠላት ለኩራቱ ያመጣውን መሣሪያ የአገሩ ሰው ነድቶ አሸነፈበት፤ በኋላም የሀገሩን ስም ይዞ በዓለም አደባባይ ቆመበት። የዚህ ታሪክ መጻሕፍት ጥቂቶች ናቸው፤ ብረቱ ግን እስከ ዛሬ በአንዳንድ ጓዳና ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ጠያቂውን ይጠብቃል። ጠያቂው ከመጋዙ ቀድሞ ይድረስ።